የከተማ ታዳጊ ክለብ ከውስጥ ሲታይ፦ የነፋስ መውጫ ወይም የወገዳ ልጅ እንዴት ተጫዋች ይሆናል?

ጓደኛዬ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። አንድ ሰውዬ ደወለለትና «አዲስ አበባ ሙከራ አለ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ፣ ለምዝገባ ብቻ ትንሽ ብር ላክ» አለው። አባቱ ሁለት በግ ሸጡ። ብሩ ተላከ። ጓደኛዬ ታኬታውን በፌስታል ጠቅልሎ ተሳፈረ። አውቶብስ ተራ ወርዶ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሦስት ቀን ዘመድ ቤት አድሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ አይቼው አላውቅም።

ይሄን ታሪክ ስታነቡ «የኛም ሰፈር ልጅ እንዲህ ሆኗል» የምትሉ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። ጋይንት ይሁን ስማዳ ወይም እስቴ፣ ኳስ የሚወድ ልጅ ሞልቷል። የጎደለው መንገዱን የሚያሳየው ሰው ነው። ያ ሰው መሆን የነበረበት ደግሞ የከተማው ታዳጊ ክለብ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከታች እስከ ላይ እንየው። የከተማ ታዳጊ ክለብ ምንድን ነው? ማን ይመራዋል? በሳምንት ውስጥ ምን ይሠራል? ብሩ ከየት ይመጣል? ልጁስ ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

▪️ «ከነማ» ማለት እኛው ነን

ብዙዎቻችን «ከነማ» ስንል ትርጉሙን አስበነው አናውቅም። «የከተማ ነዋሪዎች ማህበር» ከሚለው ያጠረ ነው። በቃሉ ከሄድን የከተማ ክለብ ባለቤት ነዋሪው ነው ማለት ነው።

በክልላችን ይሄ ሩቅ የደረሰባቸው ሁለት ከተሞች አሉ። ፋሲል ከነማ በ2013 የውድድር ዓመት በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎንደር ወሰደ። ባህር ዳር ከተማ ደግሞ በ2015 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ተሳተፈ። እዚያም የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት አሰናብቷል።

ግን ልብ በሉ፣ ትልቅ ክለብ መኖሩና ልጅ የሚያሳድግ ክለብ መኖሩ ለየቅል ናቸው። በአገራችን አብዛኛው የከተማ ክለብ የሚኖረው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፣ የበጀቱ ትልቁ ድርሻ ደግሞ የሚሄደው ለተጫዋች ደሞዝ ነው። ነገሩ በጣም ስለበዛ በ2011 መጨረሻ ላይ የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጦ ነበር። አንድ ተጫዋች በአንድ ወር የሚያገኘው ያ ብር ለአንድ የወረዳ ከተማ ታዳጊዎች ስንት ኳስ፣ ስንት ማሊያ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

የኛዎቹ ከተሞች ማለትም ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ከፋሲል ጋር መወዳደር አይጠበቅባቸውም። የነሱ ሥራ ሌላ ነው፤ የ10 እና የ12 ዓመቱን ልጅ ይዞ ለላይኞቹ ማድረስ። ይሄ ደግሞ በሚሊዮን ብር የሚሠራ አይደለም፣ በሥርዓት የሚሠራ ነው።

▪️ ክለቡን ማን ይመራዋል?

በየወረዳው «ፕሮጀክት» የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ከ13፣ ከ15 እና ከ17 ዓመት በታች ተብሎ በዕድሜ የተከፈለ ቡድን ነው። ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ እውቅና ይሰጠዋል፣ አንድ አሰልጣኝ ይመደብለታል። አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ የስፖርት መምህር ወይም ድሮ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። የሚያገኘው አበል ለሻይ ቢበቃ ነው። ብዙው በፍቅር ነው የሚሠራው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ያ ሰው ሲዛወር ወይም ሲታመም ቡድኑም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ክለብ እንዲቆይ ከተፈለገ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል፦

1. አሰልጣኝ፦ ሥራው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ብር አይነካም።
2. ሰብሳቢ፦ ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱና ከከንቲባው ጋር የሚነጋገር። ሜዳ ሊወሰድ ሲል ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው።
3. ገንዘብ ያዥ፦ እያንዳንዷን ብር የሚጽፍ።
4. የወላጅ ተወካይ፦ ቢቻል እናት ብትሆን ጥሩ ነው። ልጆች ለአሰልጣኝ የማይነግሩትን ለእናት ይነግራሉ።

▪️ ምዝገባ፦ የዕድሜ ነገር

ልጁ ሲመዘገብ ስሙ፣ የተወለደበት ቀን፣ የወላጅ ስልክና የጤና ሁኔታው ይጻፋል። አስም አለበት? ልቡን ያመዋል? ወድቆ ያውቃል? ይሄ ለወግ የሚሞላ ቅጽ አይደለም፣ አንድ ቀን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ዋናው ጣጣ ዕድሜ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት መሥራት የጀመረው በ2008 መጨረሻ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች፣ በተለይ የገጠሮቹ፣ የልደት ሰርተፊኬት የላቸውም። ስለዚህ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ይታያል። እዚህ ላይ ነው «ሁለት ዓመት ቀንስለት» የሚባለው ወሬ የሚመጣው።

ዕድሜ መቀነስ የሚጎዳው ማንን ነው? መጀመሪያ ትክክለኛውን የ13 ዓመት ልጅ። ጢም ካበቀለ «የ13 ዓመት» ተጫዋች ጋር ተጋፍቶ ይሰበራል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። ቀጥሎ ራሱን የቀነሰውን ልጅ። ፊፋ ከ2009 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማስመርመር ጀምሯል፤ ካፍም ይጠቀምበታል። አንጓው ላይ ያለው አጥንት ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ከታየ ልጁ ከውድድር ውጭ ነው። ወረቀት ይዋሻል፣ አጥንት ግን አይዋሽም።

▪️ ሳምንቱ እንዴት ይውላል?

ለታዳጊ በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ ይበቃዋል። ትምህርት በፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት የሚማሩት ጠዋት፣ ጠዋት የሚማሩት ከ10 ሰዓት በኋላ ይሰለጥናሉ። ጾም ከሆነ ጉዳዩ ይለወጣል። ሳይበላ የዋለ ልጅ ላይ ሩጫ መጫን ጉብዝና አይደለም፤ ያን ቀን ቀለል ያለ የኳስ ቁጥጥር አሠርቶ መሸኘት ነው።

የአንድ ቀን ልምምድ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል፦

• ማሟሟቂያ፣ 20 ደቂቃ። ፊፋ «11+» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው። ሩጫ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ዝላይና አወራረድ የያዙ 15 እንቅስቃሴዎች ናቸው። ጂም አይፈልግም። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ በትክክል የሠሩ ቡድኖች ላይ ጉዳት ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደቀነሰ ተጠንቷል። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ አለ፣ አንድ ጊዜ አውርዶ ለአሰልጣኙ ማሳየት ነው።
• የኳስ ሥራ፣ 20 ደቂቃ። መቀበል፣ ማቀበል፣ መንዳት፣ በሁለቱም እግር።
• ትንንሽ ጨዋታ፣ 30 ደቂቃ። 4 ለ4 ወይም 5 ለ5 በጠባብ ሜዳ።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቁም። ብዙ ቦታ 30 ልጅ ተሰብስቦ በአንድ ኳስ 15 ለ15 ይጫወታል። አንድ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኳስ ምናልባት አምስቴ ይነካል። የቀረውን ጊዜ «አቀብለኝ!» እያለ ሲጮህ ይውላል። ያው ሰላሳ ልጅ ለአራት ተከፍሎ በአራት ኳስ ቢጫወት ግን ሁሉም በየደቂቃው ይነካል። ልጅ የሚማረው በመንካት ነው። አራተኛዋ ኳስ የካልሲ ኳስ ብትሆን እንኳ ግድ የለም! አብዛኞቻችን ያደግነው በሷ አይደል?

የኳስ መጠንም አለ። ከ12 ዓመት በታች ላሉት የሚመከረው ቁጥር 4 ኳስ ነው። ቁጥር 5 የአዋቂ ነው፣ እስከ 450 ግራም ይመዝናል። በተለይ ክረምት ላይ ጭቃና ውሃ ጠጥታ ስትከብድ የ10 ዓመት ልጅ በቴስታ ሲመታት ጉዳት አለው።

የአካባቢያችንን ጠባይ ደግሞ አንርሳ። ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ይናገራል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ነፋሷም ስሟን ያስከብራል። ከፍ አድርጎ መምታት እዚያ ኳስን ለነፋስ መስጠት ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ መሬት ለመሬት ማቀበልን ግዳቸውን ይማራሉ። ለአሰልጣኝ ይሄ በረከት ነው። ወደ በሽሎና ወደ አባይ በኩል ወዳለው የስማዳ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ሙቀት ነው፤ እዚያ በየ15 እና በየ20 ደቂቃው ውሃ ማጠጣት ግድ ነው።

▪️ ሜዳው ልጅን እንዳይገድል

ይሄ ክፍል አያዝናናም፣ ግን እባካችሁ አትዝለሉት።

መብረቅ፦ ደጋ ላይ ክረምት ማለት መብረቅ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ልምምድ ይቆማል። ዛፍ ሥር አይጠለሉም፣ ቤት ይገባሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አይመለሱም።

የጎል ቋሚ፦ ያልተቀበረ ብረት ወይም እንጨት ጎል ላይ ልጅ ሲንጠለጠል ይገለበጣል። በዓለም ላይ ብዙ ሕፃን እንዲህ ሞቷል። በደንብ ይቀበር ወይም ከኋላ በከረጢት አሸዋ ይታሰር።

ጭንቅላት፦ ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከዞረበት፣ ካስመለሰው ወይም ግራ ከገባው በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። «ወንድ ነው፣ ይችላል» የሚባል ነገር የለም። ወላጁ ይጠራል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

የማይታወቅ ብረት፦ በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ድረስ ጦርነት ገብቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ ክልላችን ሰላም ያጣባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ሜዳ ዳር ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ኳስ ለማምጣት የገባ ልጅ እንግዳ ብረት ካየ አይነካም፣ በድንጋይ አይመታም፣ በመጣበት ተመልሶ ለአዋቂ ይናገራል። አሰልጣኝ ይሄን በየወሩ መድገም አለበት።

አሰልጣኙስ? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በዝግ ክፍል አይሆንም። ውድድር ላይ ልጆች ሲያድሩ ቢያንስ ሁለት አዋቂ አብሮ ያድራል። ዱላና ስድብ ሥልጠና አይደለም። ጥሩ አሰልጣኝ በዚህ ሕግ አይከፋም፣ እሱንም ከሐሜት ይጠብቀዋል።

▪️ ሴት ልጆችስ?

ብዙ ቦታ «የሴቶች ቡድን አለን» ይባላል፣ ስትሄዱ ግን ለውድድር ሰሞን ብቻ ከየክፍሉ የተለቀሙ ልጆች ናቸው። ምክንያቱ ይታወቃል። ከትምህርት በኋላ ወንዱ ሜዳ ሲሄድ ሴቷን የሚጠብቃት ውሃ መቅዳት ነው። ከዚያም አልፎ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ያለ ዕድሜ የሚዳሩ አሉ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ልምምዱ ገና ፀሐይ ሳለች ይለቅ፣ መጥተው እስኪሄዱ በቡድን ይሂዱ፣ ልብስ የሚቀይሩበት የሚዘጋ ክፍል ትምህርት ቤቱ ይስጥ፣ አንዲት ሴት መምህርት አብራ ትኑር። ከሁሉም በላይ አሰልጣኙ ቤት ድረስ ሄዶ ወላጅ ያናግር። «እትዬ፣ ልጅዎን እኔው ራሴ አምጥቼ አስረክባለሁ» የሚል ቃል ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። ክለብ ውስጥ ያለች ልጅ ደግሞ ሁለት ቀን ስትቀር የሚጠይቃት ሰው አላት። ያ ጥያቄ አንዳንዴ ከጋብቻ ያስጥላል።

ሎዛ አበራን አስቡ። ከዱራሜ ነው የተነሳችው፣ ከትንሽ ከተማ። በአገር ውስጥ በጎል ብዛት ስሟን አስጠርታ እስከ ማልታው ቢርኪርካራ፣ ከዚያም እስከ አሜሪካ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች።

▪️ ብሩ ከየት ይመጣል?

ከመንግሥት በጀት ብቻ የሚጠብቅ ክለብ ሁልጊዜ ነገ ነው። የሚሠሩት መንገዶች እነዚህ ናቸው፦

• ወርሃዊ መዋጮ፦ የከተማው ሰው እንደ ዕቁብ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። አቅም የሌለው ወላጅ ግን አይከፍልም፣ ልጁም በዚህ አይገለልም።
• ነጋዴው፦ ማሊያ ላይ የሱቁ ስም ይጻፋል።
• የአካባቢው ተወላጆች፦ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉት። እነሱ ብር ከመላክ ይልቅ ኳስ፣ ታኬታና ማሊያ ቢልኩ ይሻላል የሚባልበት ጊዜም አለ።
• ቶምቦላና የሰፈር ውድድር፦ በዓል ሰሞን ሁሉም ሰው አገሩ ሲገባ።

ብሩ የሚቀመጠው በማን ስም ነው? በግለሰብ ቴሌብር ከሆነ ክለቡ አልቆለታል ማለት ነው። ሰውየው ታማኝ ቢሆንም ወሬው አይቀርለትም። በክለቡ ስም የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ ሦስት ሰው ይፈርም፣ በየወሩ የገባውና የወጣው ከነደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይለጠፍ። ሰው ብሩ የት እንደገባ ሲያይ ይሰጣል።

▪️ ብዙዎች የማያውቁት ገንዘብ

ይሄኛውን ሳነብ እኔ ራሴ ገርሞኛል። የፊፋ ሕግ «የአጋርነት ክፍያ» የሚባል ነገር አለው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ከአገር አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ብር 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ።

በምሳሌ እንየው። ልጁ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ወገዳ ላይ ተመዝግቦ ተጫወተ እንበል። በኋላ አድጎ በ1 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ክለብ ተዛወረ። ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት 1 በመቶ፣ ለ16 እና ለ17 ሌላ 1 በመቶ። ድምሩ 2 በመቶ፣ ማለትም 20 ሺህ ዶላር ለወገዳ ክለብ!

ሕልም ነው? ለአብዛኛው ልጅ አዎ። ግን አቡበከር ናስር በ2013 ፕሪሚየር ሊጉ ላይ 29 ጎል አግብቶ ሪከርድ ሲይዝና ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ አይተናል። በሩ ዝግ አይደለም። ክፍያው የሚገኘው ግን ልጁ በፌዴሬሽን በኩል ቴሴራ ወጥቶለት ከተመዘገበ ብቻ ነው። በአሰልጣኙ ደብተር ላይ ያለ ስም ፊፋ ጋ አይቆጠርም። ለዚህ ነው «ምዝገባ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ሰው መስማት የሌለብን።

▪️ ከወረዳ ወደ ላይ፦ እውነተኛው መሰላል

መንገዱ ይሄ ነው፦ ከሰፈር ወደ ወረዳ ቡድን፣ ከወረዳ ደብረ ታቦር ላይ ወደሚደረግ የዞን ውድድር፣ ከዚያ ወደ ክልል። የክለብ መልማዮች የሚያዩት እዚያ ነው። ከዚያ በላይ የትልልቅ ክለቦች ከ20 ዓመት በታች ቡድኖች አሉ፣ አዲስ አበባ ደግሞ የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ።

መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ሲቋረጥ ይሄ መሰላል ይሰበራል። 15 ዓመቱ ላይ አንድ ዓመት ውድድር ያመለጠው ልጅ ያን ዓመት መልሶ አያገኘውም። ያኔ ክለቡ ማድረግ የሚችለው ልምምዱን አለማቋረጥ ነው፣ እርስ በርስም ቢሆን።

ደላላ ሲደውል ደግሞ እነዚህን አስታውሱ፦

❗ ትክክለኛ ሙከራ ሲኖር ክለቡ በራሱ ገጽ ያሳውቃል ወይም ለክለባችሁ ደብዳቤ ይጽፋል። ቀጥታ ወደ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ደውሉ።
❗ በግለሰብ ስልክ ቁጥር ቅድሚያ ብር ከተጠየቀ፣ ያበቃል። አትላኩ።
❗ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር በኳስ መዛወር በፊፋ ሕግ የተከለከለ ነው። ያሉት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፣ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ሲቀይሩ። ስለዚህ «የ16 ዓመቱን ልጅህን ዱባይ አስፈርምልሃለሁ» የሚል ሰው ይዋሻል።
❗ ልጁ ብቻውን አይሄድም። አዋቂ አብሮት ይሂድ።

▪️ መጨረሻ ላይ

እውነቱን እንነጋገር። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱም ፕሪሚየር ሊግ ላይደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ክለብ የትምህርት ካርድ የሚያየው፤ ከትምህርት ቤት የቀረ በዚያ ሳምንት አይሰለፍም። ሃያ አምስቱም ተጫዋች ባይሆኑ ሃያ አምስቱም ሰዓት የሚያከብሩ፣ ሽንፈት የሚችሉ፣ ከሱስ የራቁ ልጆች ቢሆኑ ክለቡ ከስሯል ማለት አይቻልም።

ጓደኛዬን አንዳንዴ አስበዋለሁ። ያን ቀን የሚደውልለት አንድ የክለብ ሰው ቢኖረው «ቆይ፣ እኔ ላጣራልህ» ይለው ነበር። አንድ የስልክ ጥሪ ነበር ያስፈለገው። ሁለቱ በጎችም ደጃቸው ላይ ይውሉ ነበር።

ከተማችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ክለብ አለ? ካለ ቅዳሜ ሂዱና እዩት፣ ምን እንደጎደለው ጠይቁ። ከሌለ ደግሞ አራት ሰው፣ አራት ኳስና አንድ ደብተር ይበቃል ለመጀመር።